የበቆሎን የጋማ ዘይን ጂን ክሎን የማድረግና የመመርመር ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ ጂን ክሎን ስለማድረግ፣ ማለትም የጂን ቅጂ ወደ ባክቴሪያ አስገብቶ ስለማራባት ነው፤ የተጻፈውም አንድ ዓይነት ስህተት በየዓመቱ ስለሚደገም ነው። ተማሪው ከበቆሎ ቅጠል ዲኤንኤ ያወጣል፣ ፒሲአር (ዲኤንኤን በቱቦ ውስጥ የማባዣ ዘዴ) ይሠራል፣ ጄል ላይ ደማቅ መስመር ያያል፣ ቅጂውን ወደ ባክቴሪያ አስገብቶ አንድ ነጭ ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምር) ይመርጥና የዲኤንኤውን ፊደላት ያስነብባል፤ ከዚያም የደረሰውን የፊደላት ቅደም ተከተል «ከጎጃም በቆሎ የተገኘ ጂን» ብሎ በመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ ያስገባዋል። ብዙ ጊዜ ግን ያ ቅደም ተከተል በየትኛውም በቆሎ ውስጥ የለም። የሁለት ተቀራራቢ ጂኖች ቁራጭ በፒሲአር ቱቦ ውስጥ ተቀጣጥሎ የፈጠረው ድቅል ነው፤ ካልሆነም ዲኤንኤውን የሚያባዛው ኢንዛይም የተሳሳተበት አንድ ፊደል ያለበት ቅጂ ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ይህንን ለመከላከል የተዘጋጀ ስለሆነ ደረጃዎቹን አይዝለሉ።

ከመጀመርዎ በፊት፦ የትኛውን ጂን?

የበቆሎ ፍሬ ዋናው የማከማቻ ፕሮቲን ዘይን ይባላል። በውኃ አይሟሟም፣ በአልኮል ይሟሟል። በአራት ወገን ይከፈላል፦ አልፋ (19 እና 22 ኪሎዳልተን፤ ይህ የፕሮቲን ክብደት መለኪያ ነው)፣ ቤታ (15)፣ ጋማ (16፣ 27 እና 50) እና ዴልታ (10 እና 18)።

ለመጀመሪያ ሥራዎ አልፋ ዘይንን አይምረጡ። የአልፋ ጂኖች በርካታ ናቸው፣ እርስ በርስም እጅግ ይመሳሰላሉ፤ ብዙዎቹ በመሐላቸው የማቆሚያ ኮዶን (ፕሮቲን መሥራትን የሚያስቆም ባለ ሦስት ፊደል ምልክት) ስላለባቸው የተሟላ ፕሮቲን አይሰጡም። ጀማሪ በዚያ ከገባ የትኛውን ጂን እንደያዘ ሳያውቅ ዓመቱ ያልቅበታል።

ይህ መመሪያ በ27 ኪሎዳልተኑ ጋማ ዘይን ላይ ያተኩራል። ጂኑ በ7ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል፣ በአንዳንድ የበቆሎ መስመሮች አንድ ብቻ ሲሆን በሌሎቹ ደግሞ ጎን ለጎን ተደግሞ ሁለት ሆኖ ይታያል። ኢንትሮን (በጂን መሐል ገብቶ ከአርኤንኤው ተቆርጦ የሚወጣ ክፍል) ስለሌለው ከቅጠል በወጣ ዲኤንኤ ላይ በቀጥታ ሊባዛ ይችላል። ፕሮቲኑን የሚጽፈው ክፍል ማቆሚያውን ጨምሮ 672 ፊደል ርዝመት አለው፣ 223 አሚኖ አሲዶችንም ይሰጣል። ለአገራችንም ፋይዳ አለው፦ እ.ኤ.አ. በ1964 ኦፔክ-2 የተባለው የበቆሎ ዓይነት ላይሲን (ለሰው የሚያስፈልግ አሚኖ አሲድ) እንደሚበዛበት ከታወቀ በኋላ ትልቁ ችግር የፍሬው መልፋትና መሰባበር ነበር፤ ፍሬውን መልሰው ካጠነከሩት ለውጦች አንዱ የዚህ የ27 ኪሎዳልተን ዘይን መብዛት ነው። በኢትዮጵያ የተለቀቀው ቢኤችኪውፒ 542 በዚህ መንገድ ከተገኙት ጥራት ያለው ፕሮቲን ካላቸው ዝርያዎች አንዱ ስለሆነ ለማነጻጸሪያ ይጠቅማል።

ዝግጅት፦ ከፍታ፣ መብራትና ፈቃድ

*ከፍታ።* በእጅዎ ያለው ፕሮቶኮል ለባሕር ጠለል ቅርብ በሆነ ቤተ ሙከራ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ውኃ በመጀመሪያው 94፣ በሁለተኛው 92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ «በፈላ ውኃ ውስጥ 5 ደቂቃ» የሚል ትእዛዝ ሲያገኙ በሙቀት ብሎክ 95 ዲግሪ ላይ ይሥሩት፤ ብሎክ ከሌለዎ ጊዜውን ወደ 10 ደቂቃ ያሳድጉ።

የኦቶክሌቩ (በግፊት እንፋሎት ጀርም መግደያው) ነገር የበለጠ ከባድ ነው። የግፊት መለኪያው የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው፤ በባሕር ጠለል 15 ፒኤስአይ ላይ 121 ዲግሪ የሚደርሰው እንፋሎት በባሕር ዳር 118፣ በደብረ ማርቆስ 116 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀራል። ሙቀትን የሚለካ መሣሪያ ያለው ኦቶክሌቭ ከሆነ በሙቀቱ ይመሩ። በግፊት ብቻ የሚሠራ ከሆነ የተለመደውን 15 ደቂቃ በባሕር ዳር ወደ 30፣ በደብረ ማርቆስ ወደ 45 ያራዝሙ። አምራቹ ከፈቀደው በላይ ግፊቱን አይጨምሩ። «የኤልቢ (የባክቴሪያ ምግብ) ሳህኖቼ ሁሌ ሻጋታ ያወጣሉ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ በመጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ኦቶክሌቩ ነው።

*መብራት።* ኮምፒተንት ሕዋሳት (ባዕድ ዲኤንኤ ለመቀበል የተዘጋጁ ባክቴሪያዎች) አንዴ ከቀለጡ መልሰው ቢቀዘቅዙም አይሠሩም፤ ሲታዩ ግን ልዩነት የላቸውም። አንድ ኩባያ ውኃ በማቀዝቀዣው ውስጥ ያቀዝቅዙ፣ በበረዶው ላይ ሳንቲም ያስቀምጡና በየዕለቱ ይመልከቱት። ሳንቲሙ ወደ ታች ሰምጦ ካገኙት መብራቱ ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ቀልጦ ነበር ማለት ነው፤ ሕዋሳቱን ይጣሉ። እኔ ይህንን ዘዴ ከመልመዴ በፊት በሞቱ ሕዋሳት ላይ አንድ ወር ሙሉ ላይጌሽኔን (ዲኤንኤ የማያያዝ ሥራዬን) ስወቅስ ከርሜአለሁ።

*ፈቃድ።* ባዕድ ጂን የገባበት ባክቴሪያ ከቤተ ሙከራ መውጣት የለበትም። ጉዳዩን በኢትዮጵያ የሚገዙት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 896/2007 ስለሆኑ፣ የተቋምዎን የባዮሴፍቲ ኃላፊ አስቀድመው ያነጋግሩ። ባክቴሪያ የነካውን ሁሉ ከመጣልዎ በፊት ኦቶክሌቭ ያድርጉ።

ደረጃ 1፦ ከማሳ ናሙና መውሰድ

1.1 ለጂኑ ክሎን የሚሆነውን ዲኤንኤ ከወጣት ቅጠል ይውሰዱ፤ ከፍሬ አይውሰዱ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የፍሬው ኢንዶስፐርም (ምግብ የሚከማችበት ክፍል) ከእናት ሁለት፣ ከአባት አንድ ቅጂ ይይዛል፤ አባቱ ደግሞ ነፋስ ያመጣው የጎረቤት ማሳ በቆሎ ሊሆን ይችላል። በጃቢ ጠህናን ወይም በቡሬ በኩል ማሳ ከማሳ የሚለየው አንድ ድንበር ብቻ ስለሆነ፣ ከአንድ ገበሬ ጎተራ የተወሰደ ፍሬ የሁለት ገበሬ ዘር ይዞ ሊመጣ ይችላል።

1.2 ከተቻለ ራሱን በራሱ ደጋግሞ የተዳቀለ ንጹሕ መስመር ይምረጡ። ቢኤች 660 ወይም ቢኤች 661 የመሰለ ዲቃላ ከወሰዱ ከአንድ ተክል ሁለት የተለያዩ አሊሎች (የአንድ ጂን ዓይነቶች) ስለሚያገኙ የሚያስነብቡት ክሎን ቁጥር በእጥፍ ያድጋል።

1.3 ሦስት ሳምንት ከሞላው ቡቃያ አዲሱን ቅጠል ይቁረጡ፣ በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት፣ ከክብደቱ አሥር እጥፍ በሆነ ሲሊካ ጄል ውስጥ በፖስታ አድርገው ይቅበሩት። በሁለት ቀን ውስጥ ሲታጠፍ የሚሰበር ደረቅ ቅጠል ይሆናል። ቀለም ያለው ሲሊካ ጄል ቀለሙን ከቀየረ በአዲስ ይተኩት። ይህ ዘዴ ፈሳሽ ናይትሮጅን ወደ ማሳ ከመሸከም ያድንዎታል።

1.4 ለአርኤንኤ ግን ፍሬው ራሱ ያስፈልጋል፣ ቀኑም መታወቅ አለበት። ጺም ከማውጣቱ በፊት የበቆሎውን ራስ በሰም በተቀባ ከረጢት ይሸፍኑ። ወንዴ አበባውን በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ይሸፍኑ። በማግሥቱ ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ከጠዋቱ 4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ የተጠራቀመውን ብናኝ በጺሙ ላይ ያራግፉና ወዲያው መልሰው ይሸፍኑ። ቀኑን በእርሳስ ይጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በነሐሴ ዝናብ ታጥቦ ይጠፋል።

1.5 ከተዳቀለ 18 ቀን አካባቢ ራሱን ይቁረጡ። በግንቦት መጨረሻ የተዘራ በቆሎ እዚህ ደረጃ የሚደርሰው እንቁጣጣሽ አካባቢ፣ ሰው እሸት መጥበስ ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። በደጋው ቅዝቃዜ ዕድገት ስለሚዘገይ ቀን መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ አንድ ፍሬ በጥፍርዎ ይውጉ። እንደ ውኃ የቀጠነ ፈሳሽ ከወጣ ሦስት አራት ቀን ይጠብቁ፤ ወፈር ያለ ነጭ ወተት ከወጣ ጊዜው ነው። ፍሬውን ከቆረቆንዳው በስለት ለይተው ከሥሩ በአውራ ጣትዎ ሲጫኑት ነጩ ኢንዶስፐርም ተንሸራቶ ይወጣል። ትንሿን ጠፍጣፋ ሽል ለይተው ያስወግዱና ቀሪውን ወዲያው ወደ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይጣሉ። ናይትሮጅኑ ለከብት ማዳቀያ ዘር ማቆያ ከሚውለው ጋር አንድ ነው።

1.6 በዚያው ማሳ ከሸፈኗቸው ራሶች ጥቂቱን ሳይቆርጡ ይተዉ። ለደረጃ 8 የሚያስፈልገው የደረቀ ፍሬ ከእነዚህ ነው።

ደረጃ 2፦ ዲኤንኤ ማውጣት

የሚሠራው በሲታብ (የሕዋስ ሽፋን በሚያፈርስ ሳሙና) ዘዴ ነው። ማውጫው 2 በመቶ ሲታብ፣ 1.4 ሞላር ጨው፣ 100 ሚሊሞላር ትሪስ (ፒኤች 8)፣ 20 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ እና፣ በሚጠቀሙበት ዕለት የሚጨመር፣ 0.2 በመቶ ቤታ መርካፕቶኢታኖል ይይዛል።

2.1 20 ሚሊግራም ደረቅ ቅጠል በሸክላ ሙቀጫ እንደ ሽሮ ዱቄት እስኪልም ይፍጩ።
2.2 በ65 ዲግሪ የሞቀ 700 ማይክሮሊትር ማውጫ ይጨምሩ፤ ለ45 ደቂቃ በ65 ዲግሪ ያቆዩ፣ በየ10 ደቂቃው ቱቦውን ቀስ ብለው ይገልብጡ።
2.3 በጭስ ማውጫ ሥር፣ በጓንት፣ እኩል መጠን ያለው ክሎሮፎርምና አይሶአሚል አልኮል (24 ለ 1) ይጨምሩ፤ ለ5 ደቂቃ ይገልብጡ፤ በ12,000 ጂ ለ10 ደቂቃ ያሽከርክሩ።
2.4 የላይኛውን ንጹሕ ፈሳሽ ብቻ ይቅዱ። የመካከሉን ነጭ ሽፋን ከነኩ መልሰው ያሽከርክሩ፤ «ትንሽ ነው» ብለው አይለፉት።
2.5 የፈሳሹን 0.7 እጥፍ ቀዝቃዛ አይሶፕሮፓኖል ይጨምሩና ቱቦውን ያገላብጡ። ዲኤንኤው እንደ ሸረሪት ድር ሲሰበሰብ ያያሉ።
2.6 ለ10 ደቂቃ አሽከርክረው በ70 በመቶ ኢታኖል ሁለት ጊዜ ይጠቡ፣ ያድርቁ፣ በ50 ማይክሮሊትር የትሪስና ኢዲቲኤ መፍትሔ ያሟሙ፣ አርኤንኤዝ (አርኤንኤ አጥፊ ኢንዛይም) ጨምረው በ37 ዲግሪ 30 ደቂቃ ያቆዩ።

*ችግር ሲገጥም።* ዲኤንኤው እንደ ጠላ አተላ ከጠቆረ ቅጠሉ ከመድረቁ በፊት ቆስሎ ቆይቷል፤ በማውጫው ላይ 1 በመቶ ፒቪፒ (አጥቋሪ ውሑዶችን የሚይዝ ዱቄት) ጨምረው ከአዲስ ቅጠል ይጀምሩ። እንደ ተልባ የሚዝለገለግ ከሆነ የስኳር ውሑዶች አሉበት፤ ፒሲአር ከመሥራትዎ በፊት በ1 ለ10 እና በ1 ለ50 ያቅጥኑት። የዲኤንኤውን ንጽሕና የሚያሳየው የ260 ለ280 የብርሃን ንባብ ንጽጽር ከ1.8 እስከ 2.0 መሆን አለበት።

ደረጃ 3፦ ፕራይመር መንደፍ

ፕራይመር በፒሲአር የሚባዛው ክፍል ከየት እስከ የት እንደሆነ የሚወስን አጭር ዲኤንኤ ነው። ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ የተበላሸ መሆኑ የሚታወቀው ግን ከሦስት ወር በኋላ ነው።

3.1 ከሕዝብ የመረጃ ቋት የ27 ኪሎዳልተኑን ጋማ ዘይን ቅደም ተከተል ከነግራና ቀኝ ጎኑ ያውርዱ። የቢ 73 መስመር ጂኖም ዋናው ማነጻጸሪያ ነው።
3.2 ሁለቱንም ፕራይመሮች ፕሮቲኑን ከሚጽፈው ክፍል ውጭ ያስቀምጡ፤ አንዱን ከመነሻ ኮዶኑ በፊት፣ ሌላውን ከማቆሚያው በኋላ። የጂኑን የመጀመሪያ 20 ፊደላት እንደ ፕራይመር ከተጠቀሙ፣ በዚያ ሥፍራ የሚያገኙት ቅደም ተከተል የበቆሎው ሳይሆን ከኩባንያ ያዘዙት ፕራይመር ነው። ይህንን ያልተገነዘበ ሰው የራሱን ፕራይመር እንደ ግኝት ያቀርባል።
3.3 የ16 ኪሎዳልተኑ ጋማ ዘይን የዚህ ጂን የቅርብ ዘመድ ነው። የፕራይመሮቹን የመጨረሻ 5 ፊደላት ከእርሱ ጋር ያስተያዩ፤ ልዩነት ከሌለ ሥፍራውን ይለውጡ።
3.4 ርዝመታቸውን ከ20 እስከ 24 ፊደል፣ የመቅለጫ ሙቀታቸውን 60 ዲግሪ አካባቢ ያድርጉ፤ በመካከላቸው ከ2 ዲግሪ የበለጠ ልዩነት አይኑር።
3.5 ሁለቱንም በብላስት (ቅደም ተከተል መፈለጊያ ሶፍትዌር) በመላው የበቆሎ ጂኖም ላይ ይፈልጉ። ከ7ኛው ክሮሞዞም ሌላ ሥፍራ ላይ ጥንድ ሆነው ከተቀመጡ አያዝዙ።

ደረጃ 4፦ ፒሲአር

ጂኑ ጂ እና ሲ የተባሉት የዲኤንኤ ፊደላት ይበዙበታል፤ ከዚህም ሌላ የስድስት አሚኖ አሲዶች ሐረግ ስምንት ጊዜ ይደጋገምበታል፤ ሐረጉ ሦስት ፕሮሊን፣ ከዚያም ቫሊን፣ ሂስቲዲንና ሉሲን ነው። ኢንዛይሙ በድግግሞሹ ላይ ተንሸራትቶ አንዱን ወይም ሁለቱን ሊዘል ይችላል። ስለዚህ ተራ ታክ (ስህተት የማያርም የማባዣ ኢንዛይም) አይጠቀሙ፤ ስህተት የሚያርም ኢንዛይም ይጠቀሙ።

4.1 ለ25 ማይክሮሊትር፦ 50 ናኖግራም ዲኤንኤ፣ ከእያንዳንዱ ፕራይመር 0.5 ማይክሮሞላር፣ ከእያንዳንዱ ዲኤንቲፒ (የዲኤንኤ ፊደላት ጥሬ ዕቃ) 0.2 ሚሊሞላር፣ 3 በመቶ ዲኤምኤስኦ (ጂ እና ሲ የበዛበትን ዲኤንኤ ለማላቀቅ የሚረዳ ፈሳሽ)፣ የኢንዛይሙ ባፈርና ኢንዛይሙ በአምራቹ መጠን።
4.2 98 ዲግሪ 30 ሰከንድ፤ ከዚያ 28 ዙር፦ 98 ዲግሪ 10 ሰከንድ፣ 62 ዲግሪ 20 ሰከንድ፣ 72 ዲግሪ 1 ደቂቃ፤ በመጨረሻ 72 ዲግሪ 5 ደቂቃ።
4.3 ሁለት የተለያዩ ቱቦዎችን ከመጀመሪያው ለየብቻ ያዘጋጁ፤ «ሀ» እና «ለ» ብለው ይሰይሟቸው፤ እስከ መጨረሻው አያቀላቅሏቸው። መመሪያው በሙሉ የቆመው በዚህ መስመር ላይ ነው።
4.4 ዲኤንኤ የሌለበት መቆጣጠሪያ ቱቦ ሁልጊዜ ይኑር።

አንድ ደቂቃ ለ800 ፊደል በዝቷል የሚል ይኖራል፤ ሆን ተብሎ ነው። ሳይጨርስ የቆመ ቅጂ በቀጣዩ ዙር በሌላ አሊል ላይ ተለጥፎ ድቅል ይፈጥራል። ዙሩን ከ28 በላይ ማሳደግም ይህንኑ ያበዛል። መስመሩ ከደበዘዘ ዙር አይጨምሩ፤ የቱቦ ቁጥር ይጨምሩ።

*ችግር ሲገጥም።* ምንም መስመር ከሌለ ዲኤምኤስኦውን 5 በመቶ ያድርሱ፣ የማጣበቂያውን ሙቀት ከ58 እስከ 66 ደረጃ በደረጃ ይሞክሩ። 550 ፊደል ገደማ ላይ ተጨማሪ መስመር ከታየ የ16 ኪሎዳልተኑ ዘመድ ገብቷል፤ ሙቀቱን ያሳድጉ። ዲኤንኤ በሌለበት ቱቦ መስመር ከታየ የዕለቱን ሥራ በሙሉ ይጣሉ።

ደረጃ 5፦ ጄል፣ «ኤ» መጨመር እና ላይጌሽን

5.1 በ1.2 በመቶ አጋሮስ ላይ ያሂዱ። መስመሩን ሲቆርጡ ረጅም ሞገድ ያለውን አልትራቫዮሌት ወይም ሰማያዊ ብርሃን ይጠቀሙ፤ ከ30 ሰከንድ በላይ አያብሩ፤ የዓይን መከላከያና ጓንት ያድርጉ። አጭር ሞገድ ዲኤንኤውን ስለሚያበላሸው ኮሎኒ አያገኙም።

5.2 ከጄል በማጽጃ ኪት ያውጡ።

5.3 «ኤ» ይጨምሩ። ስህተት የሚያርሙ ኢንዛይሞች የሚሠሩት ዲኤንኤ ጫፉ ድፍን ነው፤ የቲ-ቬክተር (ጂኑን ወደ ባክቴሪያ የሚያጓጉዘው ዲኤንኤ) ግን በጫፉ ላይ አንድ «ኤ» ይጠብቃል። የጸዳውን ዲኤንኤ ከተራ ታክ፣ ከባፈሩና ከ0.2 ሚሊሞላር ዲኤቲፒ ጋር በ72 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ያቆዩ። በዚያው ቀን ይጠቀሙበት። ሳህኑ በሙሉ ሰማያዊ ሆኖ (ጂኑ ያልገባባቸው ኮሎኒዎች ብቻ በቅለው) ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ የተዘለለው ይህ እርምጃ ነው። ማጽዳቱ ከዚህ በፊት መሆኑንም ያስተውሉ፤ ያልጸዳ ከሆነ የቀረው የማረሚያ ኢንዛይም የጨመሩትን «ኤ» መልሶ ይበላዋል።

5.4 ላይጌሽኑን በሞል ያስሉ፣ በዓይን አይገምቱ። ቬክተሩ 3,000 ፊደል፣ ኢንሰርቱ (የሚገባው የጂን ቁራጭ) 750 ፊደል ከሆነ፣ ለ50 ናኖግራም ቬክተር በ3 ለ 1 የሚያስፈልገው ኢንሰርት 50 ሲባዛ በ750፣ ሲካፈል ለ3,000፣ ሲባዛ በ3፣ ማለትም 37.5 ናኖግራም ነው። በ4 ዲግሪ ሌሊቱን ያሳድሩ።

ደረጃ 6፦ ወደ ባክቴሪያ ማስገባት

6.1 አጋር ያለው ኤልቢ በእጅ ጀርባ ሲነካ የሚቻል ያህል፣ 50 ዲግሪ አካባቢ፣ ሲደርስ በሚሊ ሊትር 100 ማይክሮግራም አምፒሲሊን፣ አይፒቲጂ እና ኤክስ-ጋል (ጂኑ ያልገባበትን ኮሎኒ ሰማያዊ አድርገው ከነጩ የሚለዩ) ጨምረው ያፍሱ።
6.2 ሕዋሳቱን በበረዶ ላይ ያቅልጡ። ለ50 ማይክሮሊትር 2 ማይክሮሊትር ላይጌሽን ጨምረው በጣትዎ በቀስታ መታ ያድርጉ፤ በፒፔት አይምጠጡ፣ አይናጡ። 20 ደቂቃ በበረዶ ላይ ያቆዩ።
6.3 በ42 ዲግሪ 45 ሰከንድ ብቻ፤ ወዲያው 2 ደቂቃ በበረዶ። ሙቀቱን በቴርሞሜትር ያረጋግጡ፤ የውኃ መታጠቢያው ቁጥር ብዙ ጊዜ ይዋሻል።
6.4 950 ማይክሮሊትር ኤስኦሲ (ለባክቴሪያው ማገገሚያ ፈሳሽ ምግብ) ጨምረው በ37 ዲግሪ 90 ደቂቃ እያንቀሳቀሱ ያቆዩ፤ 100 ማይክሮሊትር በሳህን ላይ ይዘርጉ።
6.5 ሳህኖቹን በ30 ዲግሪ ያሳድሩ። ድግግሞሽ ያለበት ጂን በሞቀና በፈጠነ ዕድገት ላይ ቁራጭ ሊጥል ይችላል፤ ኮሎኒው ዘግይቶ ቢወጣም ይታገሡ።

ሦስት መቆጣጠሪያ ሳህኖች የግድ ናቸው፦ ዲኤንኤ ያልገባባቸው ሕዋሳት (ምንም መብቀል የለበትም፤ ከበቀለ አምፒሲሊኑ ሞቷል)፣ የታወቀ ሙሉ ፕላዝሚድ (በባክቴሪያ ውስጥ የሚባዛ ክብ ዲኤንኤ) የገባባቸው (ካልበቀለ ሕዋሳቱ ሞተዋል፤ ሳንቲሙን ያስታውሱ)፣ እና ኢንሰርት የሌለው ቬክተር። በትላልቅ ኮሎኒዎች ዙሪያ እንደ አቧራ የሚታዩት ጥቃቅን ኮሎኒዎች መድኃኒቱ በአካባቢያቸው ስላለቀ የበቀሉ ናቸው፤ አይንኳቸው።

ደረጃ 7፦ ኮሎኒ መምረጥና ማስነበብ

7.1 ከ«ሀ» ስምንት፣ ከ«ለ» ስምንት ነጭ ኮሎኒ ይምረጡ።
7.2 በኮሎኒ ፒሲአር ሲፈትሹ አንዱን ፕራይመር ከቬክተሩ፣ ሌላውን ከጂኑ ይውሰዱ። ሁለቱንም ከጂኑ ከወሰዱ በሳህኑ ላይ የቀረው ኢንሰርት ብቻውን መስመር ስለሚሰጥ ሁሉም ኮሎኒ «ትክክል» ይመስላል።
7.3 ከየወገኑ ቢያንስ አራት ፕላዝሚድ አውጥተው በሁለቱም ጫፍ በሳንገር ዘዴ ያስነብቡ። ንባቡ ድግግሞሹ ላይ ድንገት ከቆመ፣ ለአስነባቢው ክፍል ጂ እና ሲ የበዛበት መሆኑን ገልጸው ለዚያ የሚሆነውን አሠራር ይጠይቁ።

*ንባቡን መፍረድ።* የቬክተሩን ፊደላት ይቁረጡ፣ ስምንቱን ክሎኖች ጎን ለጎን ይደርድሩ፣ እያንዳንዱን ልዩነት በሚከተለው መንገድ ይፍረዱ።

በአንድ ክሎን ላይ ብቻ የታየ የፊደል ልዩነት የኢንዛይም ስህተት ነው ብለው ይያዙት። በ«ሀ» ክሎኖች ላይ ደጋግሞ ታይቶ በ«ለ» ላይ ጨርሶ ከጠፋ አሁንም አይመኑት፤ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የተፈጠረ ስህተት ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ወገን የታየ ልዩነት የበቆሎው ነው። የግራ ግማሹ ከአንዱ አሊል፣ የቀኝ ግማሹ ከሌላው ጋር የሚገጥም ክሎን በአንድ ወገን ብቻ ከተገኘ ድቅል ነውና ከቁጥር ያውጡት። የድግግሞሹ ቁጥር በክሎኖቹ መካከል ከተለያየም መለኪያው ይኸው ነው፤ ከስምንቱ አንዱ ሰባት ድግግሞሽ ብቻ ቢይዝ አዲስ ዓይነት አገኘሁ ብለው አይቸኩሉ።

ሁለት የተለያዩ ቅደም ተከተሎች በእውነት ቢገኙ፣ አሊሎች ይሁኑ ወይም ጎን ለጎን የተደገሙ ሁለት ጂኖች ክሎኑ ብቻውን አይነግርዎትም። ንጹሕ መስመር ላይ ከሆኑ ሁለተኛው ያዘነብላል፤ ዲቃላ ላይ ከሆኑ ግን ዝም ማለት ይሻላል።

*ትርጉሙን መፈተሽ።* ቅደም ተከተሉን ወደ አሚኖ አሲድ ይለውጡና አራት ነገር ይቁጠሩ፦ በመጀመሪያ ሕዋሱ በኋላ ቆርጦ የሚጥለው 19 አሚኖ አሲድ ያለው መሪ ቁራጭ፤ ቀጥሎ ስምንቱ ድግግሞሽ፤ ከዚያ በጠቅላላው 15 ሲስቴን፤ በመጨረሻም የላይሲንና የትሪፕቶፋን ፈጽሞ አለመኖር። ላይሲን በብዛት ከታየ የንባብ ሦስትዮሹ ተዛንፏል፤ ክሮማቶግራሙን (የንባቡን የማዕበል ሥዕል) ከፍተው የተዘለለ ወይም የተጨመረ ፊደል ይፈልጉ። ሶፍትዌሩ የሰጠውን ፊደል ሳይሆን ማዕበሉን በዓይንዎ ያንብቡ።

ደረጃ 8፦ ጂኑ መሥራቱን ማሳየት

*በአርኤንኤ።* ከ18 ቀን ኢንዶስፐርምና ለማነጻጸሪያ ከቅጠል አርኤንኤ ያውጡ። ስታርቹ ስለሚያስቸግር ከ50 ሚሊግራም በላይ አይጀምሩ፣ በሊቲየም ክሎራይድም ያዝቅጡ። ከሁሉ የሚበልጠው ማስጠንቀቂያ ግን ይህ ነው፦ ጂኑ ኢንትሮን ስለሌለው ከአርኤንኤ የተገኘው መስመርና ከተረፈ ዲኤንኤ የተገኘው መስመር በርዝመት አንድ ናቸው። ዲኤንኤዝ (ዲኤንኤ አጥፊ ኢንዛይም) ይጠቀሙ፤ ለእያንዳንዱ ናሙናም ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ (አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጠው ኢንዛይም) ያልተጨመረበት ቱቦ ይሥሩ። ቅጠሉ ላይ መስመር ከታየ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው፤ ዘይን የኢንዶስፐርም ጂን ነውና።

*በፕሮቲን።* በደረጃ 1.6 ከተተዉት ራሶች የደረቀ ፍሬ ይውሰዱ፤ ሽሉንና ቆዳውን ያስወግዱ፣ ቀሪውን ይፍጩ። 50 ሚሊግራም ዱቄት በ400 ማይክሮሊትር 70 በመቶ ኢታኖልና 2 በመቶ ቤታ መርካፕቶኢታኖል ውስጥ አድርገው በክፍል ሙቀት ያሳድሩ። በማግሥቱ ለ10 ደቂቃ አሽከርክረው 100 ማይክሮሊትር ንጹሕ ፈሳሽ ይቅዱ፣ 10 ማይክሮሊትር 10 በመቶ ኤስዲኤስ ይጨምሩ፣ ያድርቁ፣ በ100 ማይክሮሊትር ውኃ ያሟሙ፣ 4 ማይክሮሊትሩን በ15 በመቶ ኤስዲኤስ-ፔጅ (ፕሮቲንን በክብደት የሚለይ ጄል) ላይ ያሂዱ። ማድረቂያ ፓምፕ ከሌለዎ ቱቦውን ከፍተው በጭስ ማውጫ ሥር ያሳድሩት።

በጎን ቢኤችኪውፒ 542ን ያስኬዱ፤ የ22 ኪሎዳልተኑ መስመር ከተራው በቆሎ ደብዝዞ መታየት አለበት። የ27ቱ መስመር በሁሉም ናሙና ከጠፋ ጂኑን አይጠራጠሩ፤ ጋማ ዘይን በሲስቴኖቹ እርስ በርሱ ስለሚተሳሰር መርካፕቶኢታኖሉ ሲያረጅ ከዱቄቱ አይወጣም። አዲስ ጠርሙስ ይክፈቱና ይድገሙት።

ክሎኑን ማስቀመጥ

500 ማይክሮሊትር ያደረ ባክቴሪያ ከ500 ማይክሮሊትር 50 በመቶ ግሊሴሮል ጋር ቀላቅለው በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያስቀምጡ። ይህ ግን ከመብራት መጥፋት አያድንም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ክሎን 5 ማይክሮሊትር ፕላዝሚድ በንጹሕ ማጣሪያ ወረቀት ላይ ያንጠባጥቡ፣ ዙሪያውን በእርሳስ ይክበቡ፣ ስሙን ይጻፉ፣ ያድርቁ፣ ከሲሊካ ጄል ጋር በፖስታ አሽገው በመሳቢያ ውስጥ ያኑሩ። ባስፈለገዎት ጊዜ ክቡን ቆርጠው በ50 ማይክሮሊትር የትሪስና ኢዲቲኤ መፍትሔ ይዘፍዝፉና ከፈሳሹ 5 ማይክሮሊትር ወስደው ከደረጃ 6.2 ይጀምሩ።